የሰርቨር ኮንፊግ በጊት ሲያዝ፦ ጊት የማይመዘግበውና ከሚፈለገው በላይ የሚመዘግበው

ጠያቂው ሦስት የሊኑክስ ሰርቨሮችን ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ያስተዳድራሉ። ኮንፊግ ፋይል (የአንድ ፕሮግራም ቅንብር የተጻፈበትን ፋይል) ከመንካታቸው በፊት ቀን የተጻፈበት ቅጂ አጠገቡ ያስቀምጣሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ከአፕዴት በኋላ አንድ አገልግሎት አልነሣ ሲላቸው፣ ከተከማቹት ቅጂዎች መካከል የትኛው ሲሠራ እንደ ነበር መለየት አቅቷቸዋል። ስለዚህ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ኢቲሲ ፎልደርን (የሲስተሙ ኮንፊግ የሚቀመጥበትን) እንዳለ የጊት ሪፖዚተሪ (ጊት የተባለው ፕሮግራም የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ የሚይዝበት ማኅደር) ማድረግ ይሻላል፣ ወይስ ፋይሎቹን ሆም ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ በሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል በሚጠቁም አቋራጭ) ማገናኘት? የይለፍ ቃል የያዙ ፋይሎችስ ምን ይሁኑ? እስካሁን የተከማቹት ቅጂዎችስ?

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ኢቲሲን ራሱን ሪፖዚተሪ ያድርጉት፤ ነገር ግን በቀጥታ «ጊት ኢኒት» ብለው አይጀምሩ፣ ኢቲሲኪፐር በሚባለው መሣሪያ በኩል ይጀምሩ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት የፈለግሁት፣ ብዙ ሰው የምክሩን የመጀመሪያ ግማሽ ይዞ ሁለተኛውን ስለሚተወውና ጉዳቱም ቆይቶ ስለሚታይ ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው የሊኑክስ ከርነልን የፕሮግራም ኮድ ለመያዝ ነበር። ለፕሮግራም ኮድ ዋናው ነገር የፋይሉ ይዘት ነው፤ ፋይሉ በማን ስም እንደ ተቀመጠና ማን ሊያነበው እንደሚችል የእያንዳንዱ ገንቢ ኮምፒውተር ጉዳይ እንጂ የፕሮጀክቱ ጉዳይ አይደለም። በዚህም ምክንያት ጊት የፋይሉን ባለቤትና ግሩፕ አይመዘግብም፤ ከፈቃዶቹም የሚይዘው ፋይሉ እንደ ፕሮግራም መሮጥ መቻል አለመቻሉን ብቻ ነው፤ ባዶ ፎልደርን ደግሞ ከነጭራሹ አያየውም። በኢቲሲ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሻዶ ፋይል (የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል መረጃ የሚቀመጥበት) ፈቃድ፣ የሱዶየርስ ፋይል (ማን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማዘዝ እንደሚችል የሚወስነው) ባለቤት፣ የኤስኤስኤችን (ከርቀት ወደ ሰርቨር የሚገባበትን ፕሮግራም) የግል ቁልፍ ማን ማንበብ እንደሚችል፣ እነዚህ ሁሉ ከይዘቱ እኩል የኮንፊጉ አካል ናቸው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት ደቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በሚሠራ አንድ ሰርቨር ላይ ኢቲሲን ያለ ሌላ መሣሪያ በጊት ብቻ ይዤ፣ በየምሽቱ በራሱ ኮሚት የሚያደርግ (ለውጡን በጊት ታሪክ ውስጥ የሚመዘግብ) አጭር ስክሪፕት ጽፌለት ነበር። አንድ ሙከራ አልሳካ ሲለኝ «ጊት ቼክአውት» ብዬ መላውን ፎልደር ከአንድ ሳምንት በፊት ወደ ነበረው ኮሚት መለስሁት። አገልግሎቶቹ በሙሉ ተነሡ፤ እኔም ሥራው ያለቀ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በማግስቱ አንድ ባልደረባዬ የይለፍ ቃሉን ሰርቨሩ አልቀበል እንዳለው ነገረኝ። ነገሩን ስመረምር በዚያው ሳምንት ውስጥ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ኖሯል፤ ጊት ወደ ኋላ ሲመለስ የሻዶን ፋይልም አብሮ ስለ መለሰው አዲሱ የይለፍ ቃል ጠፍቶ የድሮው ተተክቷል። የፋይሉን ዝርዝር ሳወጣ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አየሁ፤ 640 የነበረው ፈቃድ (ከባለቤቱና ከግሩፑ በቀር ማንም የማያነበው) 644 (ሁሉም የሚያነበው)፣ ሻዶ የነበረው ግሩፕም ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ሆኗል። ጊት ፋይልን ሲመልስ ያለውን ፋይል እዚያው አያርመውም፤ አሮጌውን አንሥቶ አዲስ ፋይል ይፈጥራል፣ አዲሱም የሚፈጠረው ትዕዛዙን በሰጠው ሰው፣ ማለትም በሩት፣ የተለመደ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ከዚያ ምሽት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ድረስ በሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ማንኛውም ሰው የሁሉንም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ሃሽ (የይለፍ ቃሉ ተለውጦ የተቀመጠበትን ኮድ) ማንበብ ይችል ነበር። ፈቃዱን ማስተካከል ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ተጠቃሚዎቹን አንድ በአንድ እያነጋገሩ የይለፍ ቃል ማስቀየር ግን ሁለት ቀን ወሰደ።

ሌላም ክፍተት አለ፤ ይኸኛው ድምፅ የለውም። ቼክአውት አንድ ጊዜ እንኳ ባያደርጉ፣ ኮሚት የተደረገ ፋይል ሁሉ ይዘቱ በጊት ድብቅ ፎልደር ውስጥ በራሱ ቅጂ ይቀመጣል። ያ ቅጂ የተጨመቀ እንጂ የተመሰጠረ አይደለም፤ የሚቀመጠውም ሁሉም ሊያነበው በሚችል ፈቃድ፣ በ444 ነው። የጊት ፎልደሩ ራሱ ካልተዘጋ በስተቀር ዋናው የሻዶ ፋይል በ640 ተጠብቆ ሳለ ይዘቱ ጥቂት ፎልደሮች አለፍ ብሎ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል ማለት ነው። ኢቲሲን ቀድሞውኑ ያለ ሌላ መሣሪያ በጊት ብቻ የያዘ ሰው ይህን ጽሑፍ ካነበበ፣ ከሁሉ በፊት የጊት ፎልደሩን ፈቃድ 700 (ከባለቤቱ በቀር ማንም የማይገባበት) እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጆይ ሄስ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ኢቲሲኪፐር እነዚህን ክፍተቶች ለመድፈን የተሠራ፣ በጊት ዙሪያ የተገጠመ የሼል ስክሪፕቶች ስብስብ ነው። የጊት ፎልደሩን ከሩት በቀር ማንም እንዳይገባበት ይዘጋዋል። ከእያንዳንዱ ኮሚት በፊት ደግሞ የፋይሎቹን ባለቤትና ፈቃድ፣ የባዶ ፎልደሮችንም ዝርዝር፣ ኢቲሲ ውስጥ በሚያስቀምጠው በአንድ ድብቅ ፋይል ላይ በሼል ትዕዛዝ መልክ ይጽፋል፤ ያ ፋይል ራሱ ኮሚት ስለሚደረግ የፈቃዶቹ ለውጥም እንደማንኛውም ለውጥ በታሪክ ውስጥ ይታያል። «ኢቲሲኪፐር ኢኒት» ሲባል እነዚያ ትዕዛዞች ተመልሰው ይፈጸማሉ። በሱዶ (ተራ ተጠቃሚ በሩት ሥልጣን በሚያዝበት ፕሮግራም) የሚሠራ ሰው ኮሚት ሲያደርግም የኮሚቱ ባለቤት ሩት ተብሎ እንዳይቀር የሰውየውን ስም ይይዛል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ሰርቨር ሲያስተዳድሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ያም ሆኖ መሣሪያው ስላለ ብቻ በኢቲሲ ውስጥ እንደ ፕሮግራም ኮድ ወዲያና ወዲህ መመላለስ አይገባም። አንድ ፋይል መመለስ ካስፈለገ ከቼክአውቱ በኋላ ወዲያውኑ «ኢቲሲኪፐር ኢኒት» ማለት ግድ ነው፤ በሁለቱ ትዕዛዞች መካከል ያለችው አጭር ጊዜም ቢሆን ለሻዶና ለግል ቁልፎች አደገኛ ናት። እኔ የምከተለው አሠራር ከዚህ የጠበቀ ነው፤ የድሮውን ይዘት «ጊት ሾው» ብዬ እመለከታለሁ፣ የሚያስፈልገኝን መስመር በኤዲተር በእጄ እመልሳለሁ፣ ከዚያም እንደ አዲስ ለውጥ ምክንያቱን ጽፌ ኮሚት አደርጋለሁ። ብራንች (የታሪኩን ቅርንጫፍ) አልቀያይርም። «ጊት ስታሽ»ንም በኢቲሲ ውስጥ ፈጽሞ አልጠቀምም፤ ምክንያቱም ኮሚት ያልተደረገውን ለውጥ ሁሉ እየሠራ ካለ ሲስተም ላይ በአንድ ጊዜ አንሥቶ ስለሚወስደው ነው።

ስለ ሲምሊንኩ ያነሡት ሐሳብ በግል ኮምፒውተር ላይ ለሼልና ለኤዲተር ኮንፊግ በጣም ጥሩ ነው፤ ለሰርቨር ግን አልመክረውም። አንደኛ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ፋይል ሲያርሙ አዲስ ፋይል ጽፈው በድሮው ስም ይተኩታል፤ የይለፍ ቃል የሚቀይረው ትዕዛዝ እንዲህ ያደርጋል፣ ሴድ የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ትዕዛዝም ፋይሉን በቦታው እንዲያርም ሲታዘዝ እንዲሁ ነው። ውጤቱ ሲምሊንኩ በጸጥታ ይጠፋና በቦታው ተራ ፋይል ይቀመጣል፤ እርስዎ ሆም ፎልደር ውስጥ ያለውን ቅጂ እያረሙ ሲስተሙ ሌላውን ያነባል። ሁለተኛውና የከበደው ምክንያት ባለቤትነት ነው። ሆም ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል የእርስዎ ከሆነ፣ የእርስዎን አካውንት የሰረቀ ሰው ሱዶ ሳያስፈልገው የሲስተሙን ኮንፊግ መቀየር ይችላል። ሱዶ ራሱ ይህን ስለሚያውቅ የሱዶየርስ ፋይል ባለቤት ሩት ካልሆነ አልሠራም ይላል፤ ሌሎቹ አገልግሎቶች ግን አብዛኞቹ እንዲህ አይጠነቀቁም። በተመሳሳይ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ወዲህ የወጡት የጊት ሥሪቶች ባለቤቱ ሌላ ሰው በሆነ ሪፖዚተሪ ውስጥ አንሠራም የሚል መልእክት ቢያሳዩዎ፣ መልእክቱን ለማጥፋት ሲሉ የጊት ፎልደሩን ወደ ራስዎ ስም አያዙሩት። በጊት ፎልደሩ ውስጥ ያሉ ሁኮች (ጊት በራሱ የሚያስኬዳቸው ስክሪፕቶች) ሩት ኮሚት ሲያደርግ በሩት ሥልጣን ነው የሚሮጡት።

አሁን ወደ ደረሰብዎ ችግር ልምጣ። ኢቲሲኪፐር ከፓኬጅ ማኔጀሩ (ፕሮግራሞችን ከሚጭነውና ከሚያድሰው) ጋር ስለሚያያዝ አንድ አፕዴት ሲጀመር ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ካለ መጀመሪያ እሱን ይመዘግባል፤ አፕዴቱ ሲያልቅ ደግሞ ፓኬጁ የለወጠውን ለብቻው ኮሚት ያደርጋል። ስለዚህ የእርስዎ እጅ የነካውና ፓኬጁ የነካው በታሪኩ ውስጥ ተለያይተው ይገኛሉ፤ ባለፈው ሳምንት ይህ ቢኖርዎ ኖሮ ከአፕዴቱ በኋላ ያለውን ኮሚት ከፍቶ ማንበብ ፓኬጁ የለወጠውን ያሳይዎ ነበር። ከዚያ ኮሚት ሌላ ኢቲሲ ፎልደሩን ራሱን ይመልከቱ፤ በውስጡ (ኢቲሲኪፐር በነባሪ ሁኔታው ኮሚት ስለማያደርጋቸው በታሪኩ ውስጥ የማይታዩ) ስማቸው በዲፒኬጂ-ዲስት ወይም በዲፒኬጂ-ኦልድ የሚያልቅ፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ ደግሞ በአርፒኤም-ኒው ወይም በአርፒኤም-ሴቭ የሚያልቅ ፋይሎችን ካዩ አይለፏቸው፤ ፓኬጁ ያመጣው አዲስ ኮንፊግና የእርስዎ ኮንፊግ እንዳልተስማሙና አንዱ ወደ ጎን እንደ ተቀመጠ ይናገራሉ። ከአፕዴት በኋላ አልነሣ የሚሉ አገልግሎቶች ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛል፤ አዲሱ የፕሮግራም ሥሪት የማያውቀው አሮጌ መስመር በእርስዎ ፋይል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል።

ኢቲሲኪፐር በነባሪ ሁኔታው በቀን አንድ ጊዜም የተረሱ ለውጦችን በራሱ ኮሚት ያደርጋል። ይህን እንዲያጠፉት አልልም፤ ግን እንዳይመኩበት እለምናለሁ። በራሱ የተደረገ ኮሚት ምን እንደ ተለወጠ እንጂ ለምን እንደ ተለወጠ አይነግርም፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚፈልጉት ደግሞ «ለምን» የሚለውን ነው። አንድ ምሳሌ ላሳይ። በደቢያን ላይ የኤንጂንኤክስ (የድር ሰርቨር ፕሮግራም) ኮንፊግ የአንድ ወርከርን (ጥያቄዎችን የሚያስተናግድ ሂደት) የግንኙነት ጣሪያ 768 አድርጎ ይመጣል። አንድ ቀን በስህተት መዝገቡ ላይ 768 ግንኙነት አይበቃም የሚል መስመር ሲደጋገም አይተው ቁጥሩን ወደ 4096 ከፍ አደረጉ እንበል። በኮሚቱ ላይ «ኮንፊግ ተስተካክሏል» ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ መለወጡን ጊት ራሱ ያሳያል። «ማክሰኞ ከሰዓት የስህተት መዝገቡ ግንኙነት አይበቃም ማለት ስለ ጀመረ ጣሪያውን ከ768 ወደ 4096 ከፍ አደረግሁ፤ የክፍት ፋይሎች ገደብም አብሮ መታየት አለበት» ብለው ቢጽፉ ግን፣ ወደፊት ያንን መስመር በ«ጊት ብሌም» (እያንዳንዱን መስመር ማን በየትኛው ኮሚት እንደ ለወጠ በሚያሳየው ትዕዛዝ) የሚያገኘው ባልደረባዎ እርስዎን መጠየቅ ሳያስፈልገው ምክንያቱንም ገና ያልተሠራውንም ነገር ያገኛል። ሁለት ሆናችሁ ስለምትሠሩ፣ ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ካለ ፓኬጅ መጫን እንዲቆም የሚያደርገውን የኢቲሲኪፐር ምርጫ እንድታበሩት እመክራለሁ። መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ሆኖም ለውጡን የሠራው ሰው ምክንያቱን ገና ሳይረሳው እንዲጽፍ ያስገድዳል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ጊት የሚያውቀው ፋይሉን እንጂ እየሮጠ ያለውን ፕሮግራም አይደለም። ፋይሉን አርመው ኮሚት አድርገው አገልግሎቱን እንደገና ሳያስነሡ ከቀሩ፣ ታሪኩ አንድ ነገር ይናገራል፣ ፕሮግራሙ በሌላ ይሠራል፤ ስህተቱም የሚወጣው ከወራት በኋላ ሰርቨሩ በሌላ ምክንያት ሲጠፋና ሲበራ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት ማረም፣ መፈተሽ፣ ማስነሣት፣ አገልግሎቱ በትክክል መሥራቱን ማየት፣ ከዚያ ኮሚት ማድረግ ነው። ኤንጂንኤክስም፣ የኤስኤስኤች ሰርቨርም ኮንፊጋቸውን ሳይነሡ የሚፈትሹበት ትዕዛዝ አላቸው፤ ለሱዶየርስ ደግሞ ቪሱዶ አለ። የኤስኤስኤችን ኮንፊግ ሲነኩ በሌላ መስኮት አንድ የተከፈተ ግንኙነት ይያዙ፤ በአዲስ ግንኙነት መግባትዎን ሳያረጋግጡም አይዝጉት።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ መጠንቀቅ ያለብዎ ጊት ከሚፈለገው በላይ ታማኝ መዝጋቢ ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ኮሚት የተደረገ የይለፍ ቃል በቀጣዩ ኮሚት ቢሰረዝም ከታሪኩ አይወጣም። ፋይሉን በጊትኢግኖር (ጊት እንዳይዛቸው በሚታዘዙ ፋይሎች) ዝርዝር ውስጥ መጻፍም ቀድሞ የተያዘን ፋይል አያስለቅቅም፤ መጀመሪያ በ«ጊት አርኤም» ከኢንዴክሱ (ጊት ከሚከታተላቸው ፋይሎች ዝርዝር) ብቻ ማውጣት ያስፈልጋል፣ የቀድሞው ይዘት ግን ያኔም በታሪኩ ውስጥ አለ። ሪፖዚተሪው ከሰርቨሩ እስካልወጣና የጊት ፎልደሩ እስከ ተዘጋ ድረስ ሻዶም ሆነ የግል ቁልፎች በውስጡ መኖራቸው ብዙ አያሳስበኝም፤ ሩት የሆነ ሰው ዋናውን ፋይልም ያነበዋልና። ችግሩ የሚጀምረው ወደ ሌላ ቦታ ፑሽ ሲደረግ ነው። የሚልኩበት ቦታ እርስዎ የሚቆጣጠሩት ማሽን ይሁን፣ ጥበቃውም ከሦስቱ ሰርቨሮች ጥበቃ አይነስ፤ የሦስቱንም ምስጢር ስለሚይዝ እንዲያውም ሊበልጥ ይገባዋል። የሌሎች ድርጅቶች የጊት አገልግሎት ላይ፣ የግል ተብሎ ቢከፈትም፣ የኢቲሲን ሙሉ ታሪክ አላስቀምጥም። በስህተት ወጥቶ ከሆነ ታሪኩን ለማጽዳት አይጣደፉ፤ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉንና ቁልፉን ይቀይሩ፣ ጽዳቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ማን ቀድሞ እንደ ቀዳው ማወቅ አይቻልምና።

ወደ ሌላ ማሽን መላክ ግን ጨርሶ አይቅር። ሪፖዚተሪው ከሚጠብቃቸው ፋይሎች ጋር በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ፣ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ለሦስቱ ሰርቨሮች ሦስት የተለያዩ ሪፖዚተሪዎች ይያዙ፤ አንድ ላይ ለማዋሐድ አይሞክሩ፣ የእያንዳንዱ ማሽን መለያና ቁልፍ የራሱ ስለሆነ። ሰርቨሮቹ ሲበዙና እርስ በርስ መመሳሰል ሲገባቸው ያኔ ጥያቄው ይለወጣል፤ ኮንፊጉ በአንድ ቦታ ተጽፎ ወደ ማሽኖቹ የሚወርድበት አሠራር ያስፈልጋል። ማርክ በርጀስ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1993 ከጀመሩት ሲኤፍኤንጂን አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 እስከ ወጣው አንሲብል ድረስ ያሉት መሣሪያዎች ለዚህ የተሠሩ ናቸው። እነሱን ሲጀምሩም ኢቲሲኪፐርን አያንሡት፤ አንሲብል የሚገባውን ይናገራል፣ ኢቲሲኪፐር የሆነውን ይመሰክራል፣ አንድ ሰው ሌሊት በእጁ የነካው መስመርም የሚታወቀው ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው።

ከኢቲሲ ውጭ የሚቀሩ ነገሮችም አሉ። የተጠቃሚዎች ክሮንታብ (በተወሰነ ሰዓት በራሳቸው የሚሮጡ ሥራዎች ዝርዝር) የሚቀመጠው ቫር በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ የሲስተም ሥራ የሆኑትን ወደ ኢቲሲ የክሮን-ዲ ፎልደር ቢያዛውሯቸው በታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። የተጫኑ ፓኬጆች ዝርዝርም ለብቻው መያዝ አለበት።

የተከማቹት ቅጂዎችዎን በተመለከተ፣ ከእነሱ የቀድሞ ታሪክ ለመሥራት አይድከሙ። ኢቲሲኪፐርን ከመጀመርዎ በፊት ግን ከኢቲሲ ያውጧቸው፤ አንዳንዶቹ ከሚያስቡት በላይ ሕይወት አላቸው። ሱዶ በሱዶየርስ-ዲ ፎልደር ውስጥ በስማቸው ነጥብ ያለባቸውን ፋይሎች ያልፋቸዋል፤ በደቢያን ላይ ያለው ኤንጂንኤክስ ግን በሳይትስ-ኢኔብልድ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ፣ ስሙ በነጥብ ካልጀመረ በስተቀር፣ ስለሚያነብ ቀን የጻፉበት ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ቅጂዎቹን በሩት ሆም ፎልደር ውስጥ ፈቃዱ 700 ወደ ሆነ አንድ ፎልደር ያዛውሯቸውና ለጥቂት ወራት ያቆዩአቸው። እያዛወሩ ሳለ የእያንዳንዱን ፈቃድ ይመልከቱ፤ ቅጂው ሲወሰድ የዋናው ፈቃድ አብሮ እንዲቀዳ ካልታዘዘ፣ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል የያዘ ቅጂ ሁሉም እንዲያነበው ሆኖ ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ። እንዲህ ያለ ካገኙ የዚያን ዳታቤዝ የይለፍ ቃል ከመጀመሪያው ኮሚትዎ በፊት፣ በዚያው ቀን ይቀይሩት።